ሃምሳ ሎሚ፤ በአየርላንዳውያን የኪነ ጥበብ መርጃ ግብዣ ላይ ያየነውና የተማርነው

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ለትምህርት ጉብኝት ወደ ደብሊን የሄድነው አምስት ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ማታ ለአየርላንድ ሙዚቃና ቋንቋ መርጃ በተደረገ ግብዣ ላይ ተገኝተን ነበር። የማኅበራችን ጸሐፊ «ያያችሁትን ለጉባኤው ንገሩ» ቢለን እነሆ ቀርበናል። ስለ ግብዣ መናገር ቀላል ነው፤ ሻይ ተጠጣ፣ ተዘፈነ፣ ተጨፈረ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ ብሎ መቀመጥ ይቻላል። እኛ ግን ጊዜያችሁን ለዚህ ብቻ ልንወስድ አልመጣንም። ከዚያች ምሽት ይዘነው የተመለስን አንድ ጥያቄ አለ። ለአንድ ሕዝብ ዘፈን፣ ቲያትርና ቋንቋ ገንዘቡን የሚከፍለው ማነው? የከፈለውስ ሰው በምን ላይ ያዛል?

ይህ የሩቅ አገር ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ሁላችሁም እንደምታውቁት የሙዚቃ ክበባችን ጉዳይ በሚመጣው ሳምንት በድምፅ ይወሰናል። የክበቡ ክራሮች አውታራቸው ተበጥሷል። ማሲንቆ የሚያስተምሩን አባትም የመጓጓዣ እንኳ ሳይከፈላቸው አንድ ሙሉ መንፈቅ ተመላልሰዋል። አሁን አንድ የንግድ ድርጅት ወጪውን ሁሉ ልቻል ብሏል፤ ነገር ግን የዓመቱ የባህል ምሽት በድርጅቱ ውዳሴ እንዲከፈትለትና የዘፈኖቹም ዝርዝር አስቀድሞ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። እንቀበል የሚሉ አሉ፤ አንቀበል የሚሉም አሉ። እኛ በዚህ ንግግር የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ለመመዘን የሚረዳ የሌላ ሕዝብ ታሪክ እናቀርባለን።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን አይስተውም። ብር አውጥቶ የሸለመ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። ግጥሙ ያማረ እንደ ሆነ ቤቱ በሙሉ ይደሰታል። የሸላሚውን ጠላት የሚሰድብ እንደ ሆነ ግን አዝማሪው የማያምንበትን ይዘፍናል። ገንዘብ ከኪስ ሲወጣ ቃልም ይዞ ይወጣል ማለት ነው። በአየርላንድም ታሪክ ይኸው ሁኔታ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ምሽቱ እንናገር። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም እናስታውሳለን።

ግብዣው የተደረገው በደብሊን ዳርቻ ባለ አንድ ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። የወሰዱን ያረፍንበት ቤት እመቤት ናቸው። እኛ እንደ አገራችን ልማድ «እማማ» እንላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ትርጉሙን ከጠየቁ በኋላ በሌላ ስም እንዳንጠራቸው ከለከሉን። «የሰፈሩን ልጆች የሙዚቃ ትምህርት ለመርዳት ነው። ገንዘብ ካላችሁ ትከፍላላችሁ፤ ከሌላችሁ ወንበር ትደረድራላችሁ» አሉን። እኛም ሁለቱንም አደረግን።

የጠበቅነው ሌላ ዐይነት ነገር ነበር። የገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣ ሲባል በየጊዜው የምናየው ባለ ከረባት እንግዶች በክብር ወንበር ተቀምጠው፣ ረጅም ንግግር ተደርጎ፣ ከዚያ የሰጪው ስምና የሰጠው ገንዘብ ልክ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ነው። እዚህ ግን በሩ ላይ አንዲት ጠረጴዛ፣ በላይዋ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ከኋላዋም ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። መግቢያው ለአዋቂ 10 ዩሮ ነው፤ ልጅ አይከፍልም። ከውስጥ ሻይ፣ በቅቤ የተቀባ ጥቁር ዳቦና የፖም ኬክ አለ፤ ሁሉንም የጋገሩት የልጆቹ እናቶችና አባቶች ናቸው። የክብር ወንበር የሚባል አልነበረም።

ከመግቢያው ሌላ የዕጣ ወረቀት ይሸጣል። ለዕጣ የወጡትን ዕቃዎች የሰጡት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሥጋ ሻጩ የበግ እግር፣ አበባ ሻጯ እቅፍ አበባ፣ አንዲት አሮጊትም በእጃቸው የሠሩትን ሹራብ ሰጥተዋል። የበጉ እግር የደረሰው ሰው ብድግ ብሎ «እንደ ገና ይሸጥ» አለና መለሰው፤ ሥጋው በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተሸጠ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከሳቁ በታች ግን አንድ ቁም ነገር ነበረ። ሰውዬው ስሙ እንዲጠራለት አልጠየቀም፤ ማንም ተነሥቶ አላመሰገነውም፤ ሙዚቃው ቀጠለ።

ስለ ሙዚቃው ጥቂት እንበል። ተጫዋቾቹ ወደ ሕዝቡ ፊታቸውን አዙረው እንደ ወታደር አልተሰለፉም። ክብ ሠርተው እርስ በርሳቸው እየተያዩ ይጫወታሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሰባ ዓመት ሽማግሌ ጎን ተቀምጣ ቫዮሊን ትመታለች። ዋሽንት አለ፣ ኮንሰርቲና የምትባል ትንሽ አኮርዲዮን አለች፣ ባውራን የሚባል በፍየል ቆዳ የተወጠረ ክብ ከበሮም አለ። ከሁሉ ይልቅ ዐይናችንን የሳበው ኢለን ፓይፕ የሚሉት መሣሪያ ነው። ይህ እንደ ሌላው ዋሽንት በአፍ አይነፋም፤ ተጫዋቹ በክንዱ ሥር በያዘው ወናፍ አየር እየሞላ በጣቶቹ ዜማውን ያወጣል። ይህን መሣሪያ ለመቻል ሰባት ዓመት መማር፣ ሰባት ዓመት መለማመድ፣ ሰባት ዓመት ደግሞ መጫወት ያስፈልጋል የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ሙሉው መሣሪያ ብዙ ሺህ ዩሮ ያወጣል፤ ሠሪዎቹም ጥቂት ስለ ሆኑ ያዘዘ ሰው ለዓመታት ይጠብቃል። ስለዚህ የአንድ ሠራተኛ ልጅ ይህን መሣሪያ እንዲይዝ ከተፈለገ ማኅበር ገዝቶ ሊያውሰው ይገባል። የዚያ ምሽት ገንዘብ የሚውለውም ለዚሁ ነበር፤ መሣሪያ ገዝቶ ለልጆች ለማዋስና ለመምህራኑ የሰዓት ክፍያ።

በመካከሉ ሙዚቃው ቆመና አንድ ሽማግሌ ያለ መሣሪያ ዘፈኑ። ይህ ሻን ኖስ የሚባለው ነው፤ ትርጉሙ የቀድሞው ወግ ማለት ነው። ዘፈኑ በአየርላንድ ቋንቋ ነው። ሰውዬው ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ አጠገባቸው የተቀመጡ ሴት እጃቸውን ይዘው ከዜማው ጋር ቀስ እያሉ ያዞሩት ጀመር። ይህ ዘፋኙን ብቻህን አይደለህም የማለት የቆየ ልማድ ነው። ሻይ የሚቀዱት እንኳ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። እኛ አገር በገና ሲደረደር ሰው እንዴት እንደሚያደምጥ የምታውቁ የዝምታውን ዐይነት ትረዱታላችሁ።

ዘፈኑ ሲያልቅ የሆነውን ልብ በሉ። በአየርላንድ ልማድ ዘፍኖ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚዘፍነውን የመጥራት መብት አለው። የተጠራውም ሰው ያለ በቂ ምክንያት እምቢ አይልም። ይህን መብት የሚያገኘው ብዙ የከፈለ ሰው አይደለም፤ የዘፈነ ሰው ብቻ ነው። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሀብታም ነጋዴ ቢኖር እንኳ ራሱ ካልዘፈነ ማንንም ማዘዝ አይችልም ነበር። ሽማግሌው ወደ እኛ አመለከቱ። ክራርም ማሲንቆም አልነበረንም፤ በጭብጨባ ዘፈንን፤ ከመካከላችን አንዲቱ እስክስታ ወረደች፤ ልጆቹም ትከሻቸውን ሊሞክሩ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ጭፈራ ሆነ። ስምንት ሰው በአራት ጥንድ ሆኖ አደባባይ ይሠራል፤ የእርምጃውን ተራ የሚጠራ ሰው አለ፤ የማያውቀውን የሚያውቀው እየጎተተ ያስተምረዋል። ዕረፍት ሲሆን ያ ፓይፕ የሚጫወተው ሰው ወደ እኛ መጥቶ ስለ ማሲንቆ ጠየቀን። ባለ አንድ አውታር መሆኑን ነገርነው። «ለልጆች የሚያስተምረው ማነው? ደመወዙንስ ማን ይከፍለዋል?» አለ። ሰውዬው ይህን የጠየቀው ሊፈትነን አልነበረም። በእርሱ ዘንድ ስለ ሙዚቃ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ስለ ሆነ ነው። እኛም ለመመለስ ስንጀምር በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረስነው።

በመጨረሻ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ተነሥታ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን እስከ ሳንቲሙ አነበበች። ወረቀቱን በግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ንግግሯ ከሦስት ደቂቃ አልበለጠም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ። ይህ ልማድ ከሰማይ አልወረደም፤ ሕዝቡ በችግር የተማረው ነው።

የአየርላንድ የመንግሥት ምልክት በገና ነው፤ በገንዘባቸው ላይ ታየዋለህ፣ በፓስፖርታቸው ላይ ታየዋለህ። ይሁን እንጂ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በገና ደርዳሪዎች ሊያልቁ ቀርበው ነበር። ቀድሞ የሚያኖሯቸው ባላባቶች በጦርነት መሬታቸውን አጥተው ተበትነዋል። ጌታው ሲወድቅ ደርዳሪው አብሮ ወደቀ። በ1792 የቤልፋስት ከተማ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የቀሩትን ደርዳሪዎች ጠሩ። ከመላው አየርላንድ የመጡት አሥር ብቻ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ዓይነ ስውራን ናቸው። በዕድሜ የሚበልጠው ዴኒስ ሄምፕሰን ከ90 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ በጥንቱ ሥርዓት በጥፍር የሚደረድረውም እርሱ ብቻ ነው። ዜማውን እንዲጽፍ የተቀጠረው ኤድዋርድ በንቲንግ የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ የኛ እኩያ ማለት ነው። በዚያ ስብሰባ የጻፈውና በኋላም እየዞረ የሰበሰበው ባይኖር ከዚያ ሙዚቃ ብዙው ከሰዎቹ ጋር ይቀበር ነበር። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንድ ጥበብ በአንድ ዐይነት ጌታ ላይ ብቻ ተደግፎ የቆመ እንደ ሆነ ከጌታው ጋር ይወድቃል። ሁለተኛም የከተማ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጡት ገንዘብ ባላባት ያልቻለውን ሊያደርግ ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው መከራ ከዚህ የከፋ ነው። በ1841 የአየርላንድ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መታውና እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ተሰደደ። ያለቀውና የተሰደደው ይበልጡን የምዕራቡ ገጠር ድኻ ነው፤ የአየርላንድን ቋንቋ የሚናገረውም ይኸው ሕዝብ ነበር። ከ1831 ጀምሮ የተከፈቱት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ወላጅም ልጁ መርከብ ሲሳፈር የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ መሆኑን ስላየ የራሱን ቋንቋ በቤት ውስጥ እንኳ ዝም ማለት ጀመረ። በ1851 ቆጠራ ቋንቋውን እችላለሁ ያለው ከአራት ሰው አንድ ያህል ብቻ ሆነ።

በ1893 ዳግላስ ሃይድ፣ ኦወን ማክኒልና ጓደኞቻቸው ቋንቋውን ለማዳን የጌይሊክ ማኅበርን በደብሊን መሠረቱ። ሥራው የማታ ትምህርት መክፈት፣ እየዞሩ የሚያስተምሩ መምህራን መቅጠር፣ መጽሐፍ ማሳተም ነበር፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ማኅበሩ ትምህርቱንና ጭፈራውን አንድ ላይ አደረገ። የሚያስገርመው ነገር ዛሬ ኬሊ የሚባለው፣ የጥንት የሚመስለው የአደባባይ ጭፈራ ግብዣ መጀመሪያ የተደረገው በአየርላንድ ገጠር አይደለም። በ1897 ለንደን ውስጥ የነበሩ የማኅበሩ አባሎች አዳራሽ ተከራይተው ያደረጉት ነው። ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች የአገራቸውን የምሽት ጨዋታ ወደ አዳራሽ አመጡትና ተመልሶ አገር ገባ። ባህል እንዲህ ነው፤ የሚኖረው ሙዚየም ውስጥ ሲቀመጥ ሳይሆን ሲሠሩበት ነው።

በ1905 መጨረሻ ሃይድ ለማኅበሩ ገንዘብ ለመለመን ወደ አሜሪካ ሄዱ። እስከ 1906 አጋማሽ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ንግግር አደረጉ፤ ከ50,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ከሰጧቸው ከተሞች አንዷ ሳን ፍራንሲስኮ ነበረች። በኤፕሪል 1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትጠፋ ሃይድ 5,000 ዶላር መልሰው ለተጎዱት ሰጡ። እኚህ ሰው በ1938 የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለባህል የሚለምን ሰው ለማኝ ሳይሆን የሚሰጥና የሚቀበል ባልንጀራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም።

አሁን ስለ ትልቅ ሰጪዎች እንናገር፤ የንግግራችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስና ሌዲ ግሪጎሪ የአየርላንድን ቲያትር ሲያቋቁሙ አዳራሽ አልነበራቸውም። በ1904 አቢ ቲያትር ሲከፈት ሕንፃውን ገዝታ ያሳደሰችው አኒ ሆርኒማን የምትባል እንግሊዛዊት፣ የሻይ ነጋዴ ቤተሰብ ወራሽ ነበረች። በየዓመቱም ድጎማ ትሰጥ ነበር። ይህን መካድ አይገባም፤ እርሷ ባትኖር ቲያትሩ ያን ጊዜ ጣራ አያገኝም ነበር። በሜይ 1910 የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሲሞት ግን ሌሎቹ የደብሊን ቲያትሮች ለሐዘን ሲዘጉ አቢ ሳይዘጋ ዋለ። ሆርኒማን ተቆጣች፤ ድጎማዋም ቀረ። ለስድስት ዓመት የቆመ ነገር በአንድ ቀን ትርዒት ምክንያት ተናጋ።

ሕዝቡስ? ሕዝብም ያዛል። በ1907 የጆን ሚሊንግተን ሲንግ አዲስ ተውኔት በአቢ ሲታይ ተመልካቹ የአየርላንድን ገበሬ አዋረደ ብሎ አዳራሹን በጩኸት አናወጠው። ተዋንያኑ በ1911 ያንኑ ተውኔት ይዘው ወደ አሜሪካ ቢሻገሩ፣ የባሰ ቁጣ የጠበቃቸው ከተሰደደው ወገናቸው ነው፤ በጃንዩዋሪ 1912 ፊላደልፊያ ላይ ፍርድ ቤት እስከ መቅረብ ደረሱ። የተሰደደ ሰው አገሩን ትቷት እንደ ሄደች ሊያያት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ሲሰጥ አገሩ እንዳትለወጥ አብሮ ያዛል።

መንግሥትስ? በ1925 አዲሱ የአየርላንድ መንግሥት ለአቢ በዓመት 850 ፓውንድ መደበ። ወዲያውም የመንግሥት ወኪል ሆኖ ወደ ቦርዱ የገባው ሰው ከሾን ኦኬሲ ተውኔት ላይ ይህና ያ ይቆረጥ አለ። ሌዲ ግሪጎሪ ከድጎማውና ከነፃነታችን አንዱን ምረጡ ከተባልን ነፃነታችንን እንመርጣለን የሚል አቋም ያዙ። አንዳንድ ነገር ቢለወጥም ተውኔቱ በፌብሩዋሪ 1926 ታየ፤ አዳራሹ እንደ ገና በጩኸት ተሞላ፤ ተውኔቱ ግን እስከ ዛሬ ይኖራል።

እንግዲህ ሀብታሟ አዘዘች፣ ሕዝቡ አዘዘ፣ መንግሥት ሊያዝ ሞከረ። ታዲያ የማያዝ ገንዘብ አለ ወይ? እኛ የደረስንበት መልስ የሚከተለው ነው። ፈጽሞ የማያዝ ገንዘብ የለም፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ጥቂት ገንዘብ ትእዛዙም ጥቂት ነው። 10 ዩሮ የከፈለ ሰው ተቆጥቶ ቢሄድ ማኅበሩ ያዝናል እንጂ አይዘጋም። አንድ ሰው ሁሉን የከፈለ እንደ ሆነ ግን የእርሱ ማኩረፍ የማኅበሩ ሞት ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ስለ ሸክም ክብደት ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ስለ ነፃነትም ኖሯል። ሃምሳውን ሎሚ የተሸከመ አንድ ሰው ደክሞት ሲያስቀምጥ ሁሉም ይወድቃል፤ ሃምሳ ሰው ከያዘው ግን የአንዱ መጣል አይጎዳም።

የአየርላንድ የሀገረ ሰብ ሙዚቃ ራሱ የቆመው በዚህ መንገድ ነው። በ1935 የወጣ የጭፈራ አዳራሽ ሕግ ፈቃድ የሌለውን ጭፈራ ስለ ከለከለ በገጠር ቤቶች የነበረው የምሽት ጨዋታ ተዳከመ። በ1951 ጥቂት ሙዚቀኞች ማሊንጋር በምትባል ከተማ ተሰብስበው ኮልታስ የተባለውን የሙዚቀኞች ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ቅርንጫፎች አሉት፤ መንግሥትም ይረዳዋል፤ ነገር ግን ሥሩ በየሰፈሩ አዳራሽ ያለው ትምህርትና የሻይ ግብዣ ነው። የኢለን ፓይፕ ተጫዋቾችም በ1968 የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፤ በ2017 ዩኔስኮ ይህን ሙዚቃ በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ጻፈው።

ከመካከላችሁ «በሻይና በዕጣ ወረቀት ቲያትር አይሠራም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሕንፃ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ትልቅ መድረክ ከመንግሥት ወይም ከባለጸጋ እጅ ውጭ እምብዛም አይቆምም። አየርላንዳውያንም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ መንግሥት ሲሰጥ እንዳያዝ የሚያደርግ ዘዴ ይፈልጋሉ። በ1951 የኪነ ጥበብ ምክር ቤት በሕግ አቋቋሙ። በ2022 ደግሞ ለ2,000 ሠዓልያን፣ ሙዚቀኞችና ደራስያን በሳምንት 325 ዩሮ የሚሰጥ ሙከራ ጀመሩ፤ ተቀባዮቹም ከብዙ ሺህ ብቁ አመልካቾች መካከል በዕጣ ተመረጡ። በዕጣ መሆኑን ልብ በሉ። ዕጣ ማንንም አያሞግስም፤ ይህን ዘፈን ተው፣ ያን ዘፈን ዝፈን አይልም።

ሌላም የምንነካው ነገር አለ። በእኛና በአየርላንድ መካከል ስለ ገንዘብና ስለ ሙዚቃ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1984 አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ከጓደኞቹ ጋር ለአገራችን ረሃብተኞች ዘፈን አወጣ፤ በጁላይ 1985ም በለንደንና በፊላደልፊያ ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። ረሃብን በታሪኩ የሚያውቅ ሕዝብ ልጅ ያደረገውን እናከብራለን። ነገር ግን በዚያ መንገድ የተሰበሰበ ገንዘብ ከእኛ ለዓለም ያሳየው ረሃባችንን ነበር፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚያውቀን በዚያ ሥዕል ነው። በደብሊኑ አዳራሽ የታየው ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ገንዘብ የጠየቁት ያጡትን እያሳዩ ሳይሆን ያላቸውን እየሰጡ ነው። ለዳቦ መለመን አያሳፍርም፤ ለዘፈን የሚደረግ መዋጮ ግን ራሱ ዘፈን ሊሆን ይችላል። ሰው ገንዘቡን ጥሎ የሚሄድበት ሳይሆን ተቀምጦ የሚዘፍንበት ይሆናል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስና እንጨርስ። ድርጅቱ ሊሰጠን ያሰበውን አንንቅም። በቀና ልብ ያሰበው ይሆናል፤ በሌላ ጊዜ፣ ያለ ውዳሴና ያለ ዝርዝር ቢሰጥ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን እንቀበላለን። የዘፈናችንን ዝርዝር ግን ማንም አስቀድሞ እንዲያይ ልንፈቅድ አይገባም። በምትኩ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በወር የአንድ ቀን የቡናውን ዋጋ ያዋጣ። ለማይችል ጓደኛችን ወንበር መደርደር፣ ማስታወቂያ መጻፍ፣ ሻይ መቅዳት እንደ መዋጮ ይቆጠርለት። መምህራኖቻችንም ቢጨምሩ ደስ ይለናል፤ ስማቸው ግን እንደ ተማሪው ስም በፊደል ተራ ይጻፍ እንጂ በገንዘቡ ልክ አይሁን።

ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ምሽት በመመገቢያ አዳራሹ ክራርና ማሲንቆ ይዘን እንቀመጥ። የዘፈነ ሰው ቀጣዩን ይጥራ። በሽልማት ማዘዝ አይኑር፤ «ተቀበል» ማለት የሚፈልግ ሰው ራሱ ቀድሞ ይዝፈን።

ሦስተኛ፣ የገባውና የወጣው ሒሳብ በዚሁ ጋዜጣችን ላይ እስከ ሳንቲሙ ይታተም። ከሚሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ የሚከፈሉት የማሲንቆ መምህራችን ይሁኑ፤ ከዚያ አውታር ይገዛ፣ ከዚያ አዲስ ክራር። አንድ አዲስ ተማሪ ከየትም ክልል ቢመጣ የራሱ መሣሪያ ባይኖረውም ከማኅበሩ ተውሶ እንዲማር እንፈልጋለን።

ገንዘቡ ትንሽ ይሆናል። የመጀመሪያው ምሽት ምናልባት የሁለት ክራር አውታርና የመምህራችንን የመንገድ ዋጋ ብቻ ያወጣ ይሆናል። እንዲያም ቢሆን ያ አውታር የኛ ነው፤ የምንቃኘውም እኛ ነን። በሚመጣው ሳምንት ድምፅ ስትሰጡ ይህን እንድታስቡልን በአክብሮት እንለምናለን።